ሁለተኛው ወንበር፤ ከሞንዛ እስከ ግቢያችን

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ስለ «ስኬት» ሃያ ደቂቃ ተናገር ሲለኝ እሺ ያልኩት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ ምሳሌውን እኔ ልምረጥ አልኩ። ፕሮግራሙ ላይ «የመኪና እሽቅድድም» የሚል ነገር አይታችሁ ግራ የገባችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ጠዋት በሻይ ሰዓት አንድ የድሮ መምህሬ «ልጄ፣ መካኒካል እንደ ሆንክ እናውቃለን፤ ግን ስለ ጎማ ልታወራን ነው የመጣኸው?» አሉኝ። አዎ ዶክተር፣ ስለ ጎማም ትንሽ አወራለሁ። የማወራው ግን ከሰዓት በኋላ ለምንወያይበት ጉዳይ ስል ነው። የማኅበራችን የድጋፍ ፈንድ ለየትኛው ተማሪ ይሂድ? ይህ ጥያቄ ነው ሞንዛ ድረስ የሚወስደኝ። መንገዱ ትንሽ ዞር ይላል፤ ታገሱኝ።

ቀኑ ጳጉሜ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2020። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በእነሱ አቆጣጠር ስለሆኑ አትደናገሩ። እሁድ ነበር፤ እዚህ ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፏል። ያኔ የኮሮና ጊዜ ስለነበር የእኛም ግቢ ከመጋቢት ጀምሮ ጭር ብሎ ነበር። ሰሜን ጣሊያን ውስጥ በሚላኖ አጠገብ ያለው የሞንዛ ትራክም እንደዚያው ጭር ብሏል። በደህናው ጊዜ የፌራሪ ደጋፊ ቀይ ለብሶ ዙሪያውን ያጥለቀልቀዋል። በዚያ እሁድ ግን የተመልካች ወንበሩ ባዶ ነበር።

ለማትከታተሉት በአጭሩ ላስረዳ። በፎርሙላ ዋን በዚያ ዓመት 10 ቡድኖች ሁለት ሁለት መኪና እያሰለፉ 20 ሰው ይወዳደር ነበር። ከእኛ ሩጫ የሚለየው ትልቁ ነገር ይኼ ነው፤ የእኛ ልጆች ለአሥር ሺህ ሜትር ሲሰለፉ ሁሉም ይዞ የሚመጣው የራሱን እግር ነው። እዚያ ግን እግሩ የቡድኑ ነው። መኪናው ደካማ ከሆነ የዓለም ምርጥ ነጂ ብትሆንም ከፊት አትገኝም። ስለዚህ የሚያሸንፉት ቡድኖች የታወቁ ናቸው። ከ2013ቱ የአውስትራሊያ ውድድር ወዲህ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ማለት ነው፣ ከመርሴዲስ፣ ከፌራሪና ከሬድ ቡል ሌላ ያሸነፈ ቡድን አልነበረም። የቀሩት ሰባቱ ቡድኖች በየውድድሩ ለአምስተኛ፣ ለስምንተኛ፣ ለአሥረኛ ደረጃ ነበር የሚፎካከሩት። ይህም ቢሆን እንደ ቀላል የሚታይ ሥራ አይደለም።

ከሰባቱ አንዱ አልፋታውሪ ይባል ነበር። ፋየንዛ በምትባል ትንሽ የጣሊያን ከተማ ነው ያለው። የድሮ ስሙ ሚናርዲ ነው፤ በሚናርዲ ዘመን ሃያ አንድ የውድድር ዓመት ሲሮጥ ማሸነፉ ይቅርና አንድም ጊዜ ከሦስት ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የሚወደድ ቡድን ግን ነበር። በ2005 መጨረሻ ሬድ ቡል ገዝቶት ቶሮ ሮሶ አለው፤ በ2020 ስሙ አልፋታውሪ ሆነ። ሥራው ወጣት ማሳደግ ነው። ጎበዝ ልጅ እዚያ ይፈተናል፤ ካለፈ ወደ ዋናው ሬድ ቡል ይወጣል። እንደ እግር ኳስ ክለብ ተስፋ ቡድን ቁጠሩት።

የዛሬው ሰዋችን ፒየር ጋስሊ ነው። በፌብሩዋሪ 1996 ፈረንሳይ፣ ሩዋን ከተማ ተወለደ። የሦስት ወር ሕፃን እያለ ኦሊቪዬ ፓኒስ የሚባል የአገሩ ሰው በሞናኮ አሸነፈ። ያም ውድድር ዝብርቅርቁ የወጣ ነበር፤ ፓኒስ ከ14ኛ ቦታ ተነሥቶ ነው አንደኛ የወጣው። ከዚያ በኋላ ለ24 ዓመት አንድም ፈረንሳዊ አላሸነፈም። ልጁ ያደገው በዚህ ድርቅ ውስጥ ነው።

ጎበዝ ነበር። በ2016 ከፎርሙላ ዋን አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ውድድር ሻምፒዮን ሆነ። በ2017 ጃፓን ሄዶ ሲወዳደር የመጨረሻው ዙር ውድድር በአውሎ ነፋስ ምክንያት ተሰረዘና በግማሽ ነጥብ ልዩነት ሁለተኛ ሆኖ ቀረ። ግማሽ ነጥብ! እዚህ አዳራሽ ውስጥ በግማሽ ነጥብ የተቃጠለ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እጅ አላስወጣችሁም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ቶሮ ሮሶ ገባ፤ በ2019 ደግሞ ገና በ23 ዓመቱ ወደ ዋናው ሬድ ቡል ወጣ።

እዚያ አልሆነለትም። የቡድን ጓደኛው ማክስ ቨርስታፐን ነበር፤ ከእሱ ጋር በአንድ ዓይነት መኪና መመዘን ምን ማለት እንደሆነ ከዚያ በኋላ የመጡትም አይተውታል። ከ12 ውድድር በኋላ ቨርስታፐን 181 ነጥብ፣ ጋስሊ 63 ነጥብ ነበራቸው። ሃንጋሪ ላይ አንድ ዙር ሙሉ ተደርቦ ጨረሰ። ቡድኑ ኦገስት ላይ፣ የውድድር ዓመቱ ሳያልቅ፣ ወደ ቶሮ ሮሶ መለሰው። አሌክስ አልቦን የሚባል ሌላ ወጣት በቦታው ተተካ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ወደ ታች ወርዶ መጀመሪያ የሚወዳደርበት ቦታ ቤልጂየም፣ ስፓ ነበር። ቅዳሜ ኦገስት 31 ቀን በታችኛው እርከን ውድድር ላይ በደረሰ ግጭት አንትዋን ዩቤር ሞተ። ዩቤር ከጋስሊ ጋር እኩያ ነበር፤ ከልጅነት ጀምሮ አብረው የተወዳደሩ፣ ሌ ማን ከተማም አብረው እየኖሩ የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። ጋስሊ በማግስቱ እሁድ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተወዳደረ። ስለዚህ ቀን እኔ የምጨምረው ነገር የለኝም።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ብራዚል ውስጥ በዚያችው ደካማ በተባለችው ቶሮ ሮሶ ሁለተኛ ወጣ። በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ሉዊስ ሃሚልተንን በ0.062 ሰከንድ ቀደመው። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር፤ ይህ ከዚያም ያንሳል። ሰው ያንን ውጤት አየና «ጥሩ አጋጣሚ ነው» አለ። ውድድሩ እውነትም ተዘበራርቆ ነበር።

አሁን ሞንዛ እንግባ።

ቅዳሜ ሃሚልተን አንደኛ ሆኖ የመነሻውን ቦታ ያዘ፤ ያን ጊዜ በፎርሙላ ዋን ታሪክ ፈጣኑ ዙር ነበር፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ264 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጋስሊ 10ኛ ሆነ። እሁድ ሲጀመር ሃሚልተን ብቻውን ሄደ፤ ሁሉም ሰው «ይኼ አለቀ» አለ። ሰባስቲያን ቬተል ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የፌራሪው ፍሬን እምቢ ብሎት ወጣ። በነገራችን ላይ የፋየንዛው ቡድን ከዚያ በፊት በታሪኩ የነበረችውን አንዲት ድል ያመጣለት ይኸው ቬተል ነው፤ በ2008፣ በዝናብ፣ እዚሁ ሞንዛ ላይ፣ በ21 ዓመቱ።

ውድድሩ 53 ዙር ነው። ጋስሊ በ19ኛው ዙር ጎማ ለመቀየር ወደ ፒት ገባ። ፒት ማለት ከትራኩ ጎን ያለው የጋራዦቹ መተላለፊያ ነው። ሌሎቹ ብዙዎቹ ገና አልገቡም ነበር። እሱ እንደ ወጣ የኬቪን ማግኑሰን መኪና ከፒቱ መግቢያ አጠገብ ተበላሽታ ቆመች። መኪናዋን እየገፉ የሚያወጡ ሰዎች መንገዱ ላይ ስላሉ ሴፍቲ ካር የሚሏት መኪና ወጣች፤ ሁሉም ከኋላዋ ቀስ ብሎ መሰለፍ አለበት፤ መቅደም አይቻልም። የፒቱ መግቢያም ተዘጋ። ሃሚልተን መዘጋቱን የሚያሳየውን ምልክት ሳያይ ገብቶ ጎማ ቀየረ። አንቶኒዮ ጆቪናዚም እንደዚሁ። መግቢያው ሲከፈት ደግሞ የቀሩት ተግተልትለው ገቡ። ጋስሊ ጎማውን ቀድሞ ስለቀየረ መንገዱን ቀጠለ። አሥር ላይ የነበረ ሰው ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትገልጡ ሦስተኛ ሆነ።

ይህ ንጹሕ ዕድል ነው። ማንም ጎበዝ ነጂ የሌላ ሰው መኪና መቼ እንደምትበላሽ አያውቅም።

ውድድሩ እንደገና ሲለቀቅ ብዙም አልሄደ፤ ሻርል ሌክሌር የመጨረሻው ረጅም ኩርባ ላይ፣ ፓራቦሊካ ይሉታል፣ መኪናው አመለጠውና ከጎማው መከላከያ ጋር ተላተመ። እሱ በሰላም ወጣ፤ መከላከያው ግን ተበታተነ። ቀይ ባንዲራ ተውለበለበ፤ ሁሉም ቆመ። (ሌክሌርም የጋስሊና የዩቤር የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ከዓመት በፊት በዚያች የስፓ እሁድ የመጀመሪያ ድሉን አግኝቶ ለዩቤር መታሰቢያ ያደረገው እሱ ነው።) መከላከያው እስኪጠገን ሃሚልተን በስኩተር ወደ ዳኞቹ ሄዶ ቪዲዮውን አየ። ቅጣቱ አልተነሣለትም፤ ፒት ገብቶ 10 ሰከንድ ቆሞ መውጣት አለበት። በዚያ ፍጥነት አሥር ሰከንድ ከነመግቢያ መውጫው ከመጨረሻው ሰው ኋላ ይጥላል።

አሁን ይኼን ልብ በሉልኝ። በቀይ ባንዲራ ጊዜ ጎማ መቀየር ይፈቀዳል፤ በነጻ። ላንስ ስትሮል እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድም ጊዜ ለጎማ አልቆመም ነበር። ስለዚህ ጊዜ ሳያባክን አዲስ ጎማ አሠረና ከሃሚልተን ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ቆመ። ሃሚልተን ደግሞ ቅጣት አለበት፤ መውጣቱ የታወቀ ነው። በሌላ አነጋገር ያን ዕለት ዕድል አንድ ሰው መርጣ ከሆነ የመረጠችው ስትሮልን ነው። ጋስሊ ሦስተኛ ነበር።

እንደ አዲስ ከቆሙበት ተነሡ። መብራቱ ሲጠፋ ስትሮል ዘገየ፤ ጋስሊ ቀደመው። ሃሚልተን ቅጣቱን ሊከፍል ሲገባ መሪነቱ ለጋስሊ ሆነ። ወደ 26 ዙር ገደማ ቀርቷል።

ቴሌቪዥን ላይ አጭሩን ቅንብር ያየ ሰው ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስለዋል፤ ብጥብጡ አለፈ፣ ልጁ ከፊት ሆነ፣ አሸነፈ። እኔ ግን ሥራው የተጀመረው እዚህ ነው የምለው። ለምን እንደሆነ የመካኒካል ሰው እንደመሆኔ ሁለት ደቂቃ ስጡኝ። የአየር መጎተት ኃይል በፍጥነቱ ስኩዌር ያድጋል፤ ፍሉድ መካኒክስ የወሰዳችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ያልወሰዳችሁም አላመለጣችሁም። ሞንዛ ቀጥታ መንገድ የበዛበት፣ መኪናው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበርበት ቦታ ነው። ከፊት ያለው አየሩን ይሰነጥቃል፤ ከኋላ ያለው በተሰነጠቀው ውስጥ በነጻ ይሄዳል። ከነፋስ ለመሸሽ ከሰው ጀርባ የሚሸጎጥ ሯጭ አይታችኋል? እንደዚያ ነው። በተጨማሪ ያኔ ከፊተኛው አንድ ሰከንድ ውስጥ የቀረበ ሰው በተወሰነ ቦታ የኋላ ክንፉን ከፍቶ ፍጥነት መጨመር ይፈቀድለት ነበር። ስለዚህ ሞንዛ ላይ ቀድሞ መሄድ ራሱ ሸክም ነው፤ የሚያሳድደው ሰው መሣሪያ ይበዛለታል።

የሚያሳድደው ደግሞ ካርሎስ ሳይንዝ ነበር፤ ማክላረን ይነዳል፣ መኪናው ፈጣን ነው፣ ብጥብጡ ከመጀመሩ በፊት ከሃሚልተን ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ሲሄድ ነበር። ኪሚ ራይኮነንን አልፎ ሁለተኛ ሲሆን ከጋስሊ ጋር ጥቂት ሰከንድ ብቻ ቀረው። ከዚያ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ መቁረጥ ጀመረ። የጋስሊ ሥራ አንዲቷን ሰከንድ መጠበቅ ነበር። ከኩርባው ሲወጣ መንሸራተት የለም፤ ፍሬን ሲይዝ አንድ ሜትር ማሳለፍ የለም፤ ባትሪውን ደግሞ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ እንዲኖር መቆጠብ አለ። አንዲት ስሕተት ብትኖር በቃ። ከፊት የሚከተለው ሰው የለም፤ ከኋላ መስተዋቱ ውስጥ ብርቱካናማ መኪና እየገዘፈች ትመጣለች። ከሦስት ሰከንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ። በመጨረሻው ዙር ሳይንዝ ደረሰበት፤ መቅደም ግን አልቻለም። መስመሩን ሲያቋርጡ ልዩነቱ 0.415 ሰከንድ ነበር።

ስትሮል ሦስተኛ፣ ሃሚልተን ከመጨረሻ ተነሥቶ ሰባተኛ ሆኑ። ሬድ ቡሎቹስ? ቨርስታፐን መኪናው ተበላሽቶበት ወጣ። ጋስሊን የተካው አልቦን 15ኛ። በዚህ የምስቅ ሰው አይደለሁም፤ አልቦንም ከእሱ በኋላ ያችው መቀመጫ ከብዳው ወርዷል።

ፈረንሳይ ከ24 ዓመት በኋላ አሸናፊ አገኘች። ሥነ ሥርዓቱ አልቆ ሌሎቹ ሲወርዱ ጋስሊ መድረኩ ላይ ብቻውን ቁጭ አለ፤ ሻምፓኙ እንደፈሰሰ፣ ከፊቱ ባዶ ሜዳ። ፎቶውን ፈልጋችሁ እዩት።

«ዕድል ነው» የሚለው ነገር በማግስቱ ተጀመረ። እኔም ከወዳጆቼ ጋር ብዙ ተከራክሬበታለሁ። የዕድሉን ድርሻ አልክድም፤ ሳይንዝ ነው የተጎዳው ብትሉኝም አልከራከራችሁም። ሁለት ነገር ግን አነሣለሁ። አንደኛው፣ ዕድሉ የሰጠው ሦስተኛ ቦታን ነው፤ ሁለተኛ ቦታን ለሌላ ሰው ሰጥታለች፣ ያ ሰው አላሸነፈም። ሁለተኛው ነው ዋናው። ዕድል ወደ ሞንዛ ስትመጣ ጋስሊ እዚያ መስመሩ ላይ ነበር። ለምን ነበር? ከ12 ውድድር በኋላ «አልቻልክም» ሲባል የሚወርድበት ሁለተኛ ወንበር ስለነበረው ነው። ሬድ ቡል በልጆች ላይ ጨካኝ ነው ይባላል፤ አይደለም አልልም። ነገር ግን አባርሮ ቤቱ አልላከውም። አነስ ያለች፣ ነገር ግን እውነተኛ መኪና ሰጠው፤ መካኒኮች፣ መሐንዲስ፣ ደመወዝ፣ በየሁለት ሳምንቱ መነሻ መስመር ላይ አንድ ቦታ። ያ ባይኖር ኖሮ ያቺ እሁድ ሶፋው ላይ ነበር የምታገኘው፤ ዝግጅቱም ጽናቱም ምንም አያደርግለትም ነበር።

አሁን ወደ ግቢያችን ልመልሳችሁ።

አንድ ሴሚስተር 16 ሳምንት ነው። ከገጠር የመጣ የ18 ዓመት ልጅ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እየተንገዳገደ፣ በ16 ሳምንት ውስጥ እንመዝነዋለን። እዚህ ያላችሁ መምህራን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔም በትርፍ ሰዓት ሳስተምር ስታተስ የሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ስም የለም፣ መታወቂያ ቁጥርና ነጥብ ነው ያለው። ሕጉ ይሻር እያልኩ አይደለም። ድልድይ የሚሠራ፣ ሰው የሚያክም ሰው ነው የምናስመርቀው፤ መመዘኛው ጠንካራ ይሁን። እኔ የምጠይቀው «ከወደቀ በኋላ የሚቀመጥበት ወንበር አለ ወይ?» ብዬ ነው።

በወረቀት አለ፤ ሪአድሚሽን ይባላል። ከዓመት በኋላ ተመልሰህ ማመልከት ትችላለህ። ግን እስቲ ዓመቷን ቁጠሯት። የመጀመሪያው ዓመት የዶርም ጓደኛዬ፣ ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል፣ ጥር ላይ ነው የተባረረው። ፍራሹን ጠቅልሎ ለእኛ ትቶ ሄደ። አገሩ ግን ወዲያው አልገባም፤ ሰፈሩ ድግስ ደግሶ ነበር የሸኘው፣ በምን ፊቱ ይመለስ? ከተማ ውስጥ ብሎኬት ሲያመርት፣ ሲሸከም፣ የጓደኛ ወለል ላይ ሲያድር ዓመቱን ጨረሰ። መመለሻው ሲፈቀድለት ደግሞ ሁለት ችግር ጠበቀው። የሚደግማቸው ኮርሶች የሚሰጡት በዓመት አንድ ጊዜ ስለሆነ ለአንዱ ሌላ ሴሚስተር መጠበቅ ነበረበት። ማደሪያም ወዲያው አልተገኘለትም፤ እኛ ዶርም ውስጥ በየተራ ደበቅነው፤ ፕሮክተሩ ያውቁ ነበር መሰለኝ፣ ዝም አሉን። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ተመረቀ። ነጥቡ የሚያስጨበጭብ አልነበረም። ዛሬ የራሱ የብረታ ብረት ዎርክሾፕ አለው፤ የመስኖ ፓምፕ ይጠግናል፣ መለዋወጫም ይሠራል። ባለፈው ክረምት ከዚሁ ግቢ ሦስት ተማሪዎችን ለኢንተርንሺፕ ተቀብሎ ነበር። እሱን ያተረፈው የእኛ ፍራሽና የአንድ ፕሮክተር ዝምታ ነው። ከእሱ ጋር በዚያው ጥር የወጡት ሌሎቹ የት እንደደረሱ በዚህ መጽሐፍ ገጽ ላይ አታገኙም፤ የቀድሞ ተማሪ ተብለው አይመዘገቡምና።

ፈንዳችን እስካሁን የሚሄደው ለከፍተኛ ነጥብ ሽልማት ነው። ደስ ይላል፤ ላፕቶፑን ሲቀበሉ ፎቶ እንነሣለን፣ ወላጅ ያለቅሳል፣ እልል ይባላል። ይህ ይቅር አልልም። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ከእኛም ሌላ ብዙ የሚሸልማቸው አላቸው። ከሰዓት በኋላ የማቀርበው ሐሳብ ግማሹ ለሪአድሚሽን ተማሪዎች ይዋል የሚል ነው፤ ያቺን የመጠበቂያ ዓመትና የመመለሻዋን ሴሚስተር እንዲሻገሩበት። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ፎቶ ኮፒ። በውጭ ባለችው ዓመትም በሳምንት አንድ ቀን የሚያስጠናቸው ሲኒየር ተማሪ፣ መጠነኛ ክፍያ ተከፍሎት። ላይብረሪ የሚገቡበት ጊዜያዊ ካርድም እንዲሰጣቸው ከግቢው አስተዳደር ጋር መነጋገር አለብን፤ ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ደብዳቤ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

«ሰነፍን መሸለም ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ትናንት በስልክም ተነግሮኛል። ለዚህ ያለኝ መልስ አጭር ነው። ጋስሊን ወደ ፋየንዛ ሲመልሱት ማንም ሸለሙት አላለም። ዝቅ አደረጉት፤ ግን መኪና ሰጡት።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ «ውጤቱ ምን ዋስትና አለው?» የሚለው። ዋስትና የለውም። ስለ ጋስሊም የቀረውን ልንገራችሁ። ከዚያ ድል በኋላ ሬድ ቡል መልሶ አልወሰደውም፤ ለ2021 የመረጡት ሰርጂዮ ፔሬዝን ነው። እሱ እስከ 2022 መጨረሻ ፋየንዛ ቆይቶ በ2023 አልፒን ወደሚባለው የፈረንሳይ ቡድን ሄደ። ከሞንዛ በኋላ በነበሩት አራት የውድድር ዓመታትም ሁለተኛ ድል አላገኘም። በብዙ እሁዶች ስምንተኛ፣ አሥረኛ፣ አሥራ ሦስተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው። እኔ እነዚያንም እሁዶች አይቻቸዋለሁ፤ ያችን አንዷን እሁድ ያየሁትም ሌላውን ሳላቋርጥ ስለማይ ነው።

የሥራ አስፈጻሚው ውይይት ከምሳ በኋላ በስምንት ሰዓት በታችኛው አዳራሽ ነው። ድምፅ የሚሰጠው መዋጮውን የከፈለ አባል ስለሆነ፣ ያልከፈላችሁ በር ላይ ያሉትን ልጆች አነጋግሩ፤ ደረሰኝ ይዘዋል። ስለ ጎማ ጥያቄ ያለው ካለ ደግሞ ምሳ ላይ ዶክተር አጠገብ ታገኙኛላችሁ።